ካፖርቱን ገልብጣችሁ እዩት

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ብርዱ የት ላይ እንደሚቀበለው አይጠፋውም። እኔ በየሳምንቱ ሰኞ ማለዳ በዚህ መንገድ እሄዳለሁ። የማስተምረው ደባርቅ ነው፤ ቤቴና ልጆቼ ግን ጎንደር ናቸው፤ ዓርብ ማታ እመለሳለሁ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከጎንደር በሹራብ ብቻ የተነሳ መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ «እባካችሁ መስኮቱን ዝጉት» እያለ ይለምናል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ጠርቶ የሚያድር ሰማይ ስለሆነ ንጋት ላይ ጣት ጠመኔ አይዝም።

ስለዚህ ለእኔ ካፖርት የጌጥ ልብስ አይደለም። ችግሩ ቆዳዬ የበግ ጠጉር አይቀበልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ችፌ አለብኝ፤ አንገቴ ዙሪያ፣ የክርኔ እጥፋት ላይና የእጄ አንጓ ላይ ይነሳብኛል። ወገራ፣ አያቴ ቤት ስናድር ሌሎቹ ልጆች ባና ለብሰው ድብን ብለው ሲተኙ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስታከክ አነጋ ነበር። አያቴ መድኃኒቱን ያገኘችው ማንም ሳይነግራት ነው፤ መጀመሪያ በነጠላዋ ትጠቀልለኝና ባናውን ከላይ ትደርብልኝ ነበር። ይህን ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ አስታወሱኝ፤ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ እዚሁ ጎንደር ካለ አንድ ሱቅ ግራጫ ካፖርት በ5,200 ብር ገዛሁ። ሻጩን ሦስት ጊዜ «የበግ ጠጉር አለበት ወይ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ኧረ ጥጥ ነው እህቴ፣ እጅሽን አስገቢና እይው» አለኝ። እጄን አስገባሁ፤ ገበሩ ሳቲን ነውና ልስልስ አለኝ። እዚህ ላይ ተሳሳትሁ። የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ አንገት የሚሰማውን አይሰማም፤ ኮሌታው ደግሞ ገበር አልነበረውም። በሁለተኛው ቀን ደባርቅ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር አንገቴ በርበሬ እንደተቀባ ይለበልበኝ ጀመር። ማታ በመስታወት ሳየው ቀልቷል፤ በሦስተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ። የጨርቁ ዓይነት የሚጻፍባትን ትንሽ ነጭ ጨርቅ ስፈልግ ተቆርጣ ክሯ ብቻ ቀርቷል። ልመልስ ብሄድ «የተለበሰ አይመለስም» ተባልሁ። ካፖርቱን ለወንድሜ ሚስት ሰጠኋት፤ እስከ ዛሬ ትለብሰዋለች፤ ታመሰግነኛለችም። ልብሱ ጥሩ ልብስ ነው። የበደለኝ ሰውዬው ነው፤ «አላውቅም» ቢለኝ ኖሮ ምን ይጎዳው ነበር?

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስሄድ የተነገረኝን ላካፍላችሁ፤ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ኖሬያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የበግ ጠጉር የሚያሳክከው አለርጂ ስለሆነ አይደለም። የጠጉሩ ውፍረት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለ1,000 ሲከፈል ማይክሮን ይባላል፤ ከ30 ማይክሮን በላይ የሚወፍር ጠጉር ጫፉ አይተጣጠፍምና ቆዳን ይወጋል። ጤነኛ ቆዳ ያለው ሰው ትንሽ ይኮሰኩሰዋል፤ ችፌ ያለበት ሰው ግን ይቆስላል። የደጋ በጎቻችን ጠጉር ሻካራ ስለሆነ ለባናና ለምንጣፍ ይሆናል እንጂ ለአንገት አይሆንም። ሜሪኖ ከሚባሉት በጎች የሚገኘው ቀጭኑ ዓይነት ከ20 ማይክሮን በታች ስለሆነ ብዙ ሰው ይችለዋል። ጥቂት ሰዎች ደግሞ በጠጉሩ ላይ ላለው ላኖሊን ለሚባለው ቅባት እውነተኛ አለርጂ አላቸው፤ እነሱ የሚገዙትን የቆዳ ቅባትም ማንበብ አለባቸው፤ ላኖሊን በብዙ ቅባቶች ውስጥ ይገባልና።

ሌላው ልቤን ያሳረፈልኝ ነገር ይህ ነው፤ የሚያሞቀን በጠጉሩ መካከል ታስሮ የሚቀመጠው አየር ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚያሞቀን በዚሁ ምክንያት ነው። አየር የሚይዝ ነገር ሁሉ ያሞቃል ማለት ነው፤ የግድ በግ መሆን የለበትም።

ይህን ይዤ ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ። ሰልባጅ የሚንቅ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ለእኔ ግን ከሱቅ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ከቦንዳ የወጣ ልብስ ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ አይቆረጥም። ታዲያ ጽሑፉ የሚመጣው በየአገሩ ቋንቋ ነው። የበግ ጠጉር በእንግሊዝኛ ዉል፣ በጣሊያንኛና በስፓኒሽ ላና፣ በጀርመንኛ ቮለ፣ በፈረንሳይኛ ሌን ይባላል፤ የፈረንሳይኛው በኤል ጀምሮ በኢ ያልቃል። ካሽሚርና ሞሄር የፍየል፣ አንጎራ የጥንቸል ጠጉር ናቸው፤ ሞሄር እኔን ከበግም ይብስብኛል። አንድ ካፖርት ሁለትና ሦስት ቦታ ሊጻፍበት ይችላል፤ የውጪው ለብቻ፣ የገበሩ ለብቻ፣ የሙሌቱ ለብቻ። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብባችሁ አትሂዱ።

አንድ ወጣት ነጋዴ ዘንድ ሦስት ልብስ ሞከርሁ። የመጀመሪያው ፍሊስ ከሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ ጃኬት ነበር፤ ልስላሴው ደስ ይላል፣ አንገቴም ወደደው፤ ግን አፌን አስጠግቼ እፍ ስለው ትንፋሼ በሌላ በኩል ወጣ። ለቤት ውስጥ ይሆናል፤ የደባርቅን ነፋስ አያቆምም። ሁለተኛው የዳክዬ ላባ የተሞላ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የሚያሞቀው እሱ ነው፤ ክብደቱም የለም። ዋጋው 3,500 ብር ሆነብኝ፤ የአንዳንዱ ላባ አገዳ ጨርቁን ወግቶ ብቅ ብሏል፤ ላባ ደግሞ ሲረጥብ ይጣበቅና አየር መያዙን ይተዋል። በልግና ክረምት በጭቃ ለምትመላለስ ሴት አይሆንም ብዬ ተውሁት።

ሦስተኛውን ወሰድሁ። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ውጪው ናይለን፣ ሙሌቱ ፖሊስተር። 2,600 ብሎኝ በ1,900 ብር ተስማማን። ልጁን ማመስገን እወዳለሁ። ካፖርቱን ገልብጬ እያንዳንዱን ስፌት ስዳብስ «መምህርት፣ እስክትጨርሺ ልያዝልሽ» ብሎ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ያዘልኝ፤ ሙሌቱ የሳሳበት ቦታ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ወዲያው ይለያል። የብብቱ ሥር ትንሽ ሳስቷል፤ ሌላው ደህና ነው። የኮሌታው ውስጥና የእጅጌው ጫፍ ግን በሹራብ የተሠሩ ናቸው፤ የመጨረሻዋ መስመር ላይ «ላና 30» ትላለች፤ ሠላሳ በመቶው የበግ ጠጉር ነው ማለት ነው። «አውቄ ነው የምገዛው» አልሁት፤ ሠላሳ ብር ቀነሰልኝ።

ፒያሳ አካባቢ በረንዳ ላይ በአሮጌ ሲንጀር የሚሰፉ ሽማግሌ አሉ። ካፖርቱን አሳይቼ ችግሬን ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑም፤ «ይህ እኮ ናይለን ነው» አሉ። ከዚያ ከኮሌታው አንድ ክር መዘው ክብሪት ጫሩ። «አፍንጫሽን አቅርቢ ልጄ፤ የሚሸተው የተቃጠለ ጠጉር ነው» አሉኝ። አመዱንም በጣታቸው አሽተው አበነኑት። ከገበሩ የመዘዙት ክር ደግሞ ቀልጦ እንደ ዶቃ ጠጠረ፤ እሱ ፖሊስተር ነው። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ይሸት ነበር አሉኝ። ጽሑፉ የተቆረጠ ልብስ ያላችሁ ይህን አስደርጉ፤ አንድ ክር ምንም አይጎዳም።

እኔ ያሰብሁት ሹራቡን ቆርጦ መጣል ነበር። እሳቸው ግን «ለምን ይቆረጣል? ነፋስ የሚዘጋልሽ እሱ ነው። አንቺን እንዳይነካ እንሸፍነው» አሉ። የአያቴ ነጠላ ትዝ አለችኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ በአቡጀዲ ለበጡልኝ። ሙሉውን እጅጌ በአቡጀዲ ልገብር ብዬ ነበር፤ ጥጥ ከሹራብ ጋር እየተያያዘ እጅ አያስገባም፣ እጅጌው በሳቲኑ ይቆይ ብለው መከሩኝ፤ ልክ ነበሩ። አቡጀዲውን ገዝቼ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ አጥቤ እንዳመጣም ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው፤ አዲስ አቡጀዲ ስታርች አለው፣ ካልታጠበም ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ይሰበሰባል። በአራት ቀን ጨረሱ፤ 450 ብር ከፈልሁ። መጀመሪያ ኮሌታው ጠብቆብኝ ነበር፤ ያለ ምንም ክፍያ ፈትተው አስተካከሉት።

ከዚያ ወዲህ አንድ በጋ ሙሉ ለብሼዋለሁ። ሰኞ ማለዳ ሚኒባስ ውስጥ በር አጠገብ ስቀመጥም አይበርደኝም። ትልቁ ፈተናው ግን ጥምቀት ነበር። ከከተራ ማታ ጀምሮ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ አደርን፤ ጋቢዬን ከላይ ደርቤ ካፖርቱን ከውስጥ ለብሼ ነበር። ጥር 11 ንጋት ላይ ውኃው ተባርኮ ሲረጭ፣ ወጣቶቹም እየዘለሉ ሲገቡ፣ ጋቢዬ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ካፖርቱም በትከሻው ስፌት በኩል ውኃ አስገባ። ቢሆንም ሙሌቱ ረጥቦ እንኳ አልተኮማተረም፤ ቤቴ እስክገባ ድረስ ሰውነቴ ሞቆ ነበር። የዳክዬውን ላባ ለብሼ ቢሆን ኖሮ ያን ንጋት አልቆምም ነበር። አንገቴ? ምንም። አንዲት ሽፍታ አልወጣችም።

ጉድለቶቹን ልናገር። ይንኮሻኮሻል፤ ክፍል ውስጥ ወደ ሰሌዳው ስዞር ተማሪዎቼ ይሰሙታል፣ ቅዳሴ ላይማ ያሳፍራል። ናይለን ላብ አያስወጣም፤ ከመናኸሪያው ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገቱን ስወጣ ያልበኛል፤ ላብ ደግሞ ለችፌ ከበግ ጠጉር የማይተናነስ ጠላት ነው። ስለዚህ ዳገቱን የምወጣው ዚፑን ከፍቼ ነው፤ ከውስጥ የምለብሰውን ስስ የጥጥ ቲሸርት ስደርስ እቀይረዋለሁ። የዚፑ ብረት አገጬን እየነካ አንዲት ቀይ ነጥብ አውጥቶብኝ ነበር፤ ብዙ ርካሽ ብረት ኒኬል አለበት፣ ኒኬል የማይስማማው ሰውም ብዙ ነው። እሱንም ሽማግሌው ትንሽ የጨርቅ ክዳን ሠርተው ሸፈኑልኝ።

ሲታጠብ በዱቄት ሳሙና አላበዛበትም፤ ሦስት ጊዜ አለቀልቀዋለሁ። ተጣብቆ የቀረ ሳሙና ያሳክካል፤ ሰውም ጥፋቱን በጨርቁ ያላክካል። ሲደርቅ ጥላ ሥር እሰቅለዋለሁ።

አንድ ነገር ግን በበግ ጠጉር ቀናሁ። ደባርቅ በተከራየሁት ክፍል ማታ ከሰል ማንደጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ደብተር ሳርም አንዲት ፍንጣሪ እጅጌዬ ላይ አረፈች። የበግ ጠጉር ቢሆን ጭሶ ይቀር ነበር፤ በቀላሉ አይቀጣጠልምና። ናይለኑ ግን በአንድ አፍታ ቀለጠና የአተር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ወጣችበት፤ ነጩ ሙሌት ብቅ አለ። አሁን እሳት ዳር ስቀመጥ ካፖርቱን አውልቄ ጋቢ እደርባለሁ። ቀዳዳዋን ዓርብ ማታ ለሽማግሌው ወሰድሁላቸው። ከጫፉ እጥፋት ውስጥ ትንሽ አረንጓዴ ጨርቅ ቆርጠው ጣፏት፤ ካልተጠጉ አትታይም። ሂሳብ ስጠይቃቸው «ይህችንስ ተዪያት» አሉ።