የማኅበራችንን መተዳደሪያ ደንብ በመጨረሻ አነበብኩት (ከ5 ኮከብ 3)

ለዚህ የሕክምና ምርምር ማኅበር ሦስት ዓመት ሙሉ መዋጮ ስከፍል ደንቡን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም። እውነቱን ለመናገር የገባሁት ለቅናሹ ነው። አባል ከሆናችሁ የጉባኤ መመዝገቢያ ይቀንስላችኋል፣ መጽሔቱን በነፃ ታነባላችሁ፣ ሲቪያችሁ ላይም አንዲት መስመር ትጨመራለች። በቃ። ባለፈው ምርጫ ግን የድምፅ መስጫው ኢሜይል ለባልደረቦቼ ሁሉ ሲደርስ ለእኔ ቀረ። ስፓም ውስጥ ገብቶ ይሆናል ብዬ ፈለግኩ። የለም። ለጽሕፈት ቤቱ ጻፍኩ። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ ትሕትናው ልክ የለውም። ተባባሪ አባል ስለሆኑ በአንቀጽ 4 መሠረት ድምፅ አይሰጡም፣ ለተሳትፎዎ ግን ከልብ እናመሰግናለን ይላል።

እንዴ! ተባባሪ መሆኔን ራሱ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ለካ ስመዘገብ ከአማራጮቹ ርካሹን ተጭኜ ኖሯል።

በንዴት ፒዲኤፉን አወረድኩት። 26 ገጽ ነው። ሰው ስልክ ገዝቶ አስተያየት እንደሚጽፈው እኔም ስለዚህ ደንብ ልጽፍ ወሰንኩ፤ ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁት ነገር እሱው ነዋ፣ መጽሔቱማ ማሸጊያው ነው። የማኅበሩን ስም አልጠራም። ብጠራውም ብዙ ለውጥ የለውም፤ ከሌሎች ሦስት የሕክምና ምርምር ማኅበራት ደንብ ጋር ሳስተያየው አንቀጾቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እንዲያውም አንዱ ውስጥ የሌላ ማኅበር ስም ሳይሰረዝ ቀርቶ አግኝቼ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ከሚመሰገነው ልጀምር። የገንዘቡ ክፍል ጥሩ ነው። ትርፍ ለአባል አይከፋፈልም። የቦርድ አባል ደመወዝ የለውም፤ ለጉዞና ለማደሪያ ያወጣውን ብቻ በደረሰኝ ያወራርዳል። ሒሳቡን በየዓመቱ የውጭ ኦዲተር ይመረምረዋል። ማኅበሩ ቢፈርስ የተረፈው ንብረት ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ሌላ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይተላለፋል እንጂ አባላት አይካፈሉትም። ይህ የመጨረሻው ለጌጥ የገባ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ከግብር ነፃ ለመሆን የሚፈልግ የሳይንስ ማኅበር በመመሥረቻ ሰነዱ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ እንዲኖረው ይጠበቅበታል። መዋጮውም ቢሆን ለሁሉም እኩል አይደለም። የዓለም ባንክ አገሮችን በገቢያቸው በ4 መደብ ይከፍላቸዋል፤ ማኅበሩም ያንኑ ይዞ ገቢው ዝቅ ካለ አገር የሚመጣውን ተመራማሪ ያነሰ ያስከፍለዋል። ይህ ቅናሽ ለሙሉ አባልም እንደሚሠራ ግን የመመዝገቢያ ቅጹ የትም አይናገርም። ቢናገር ኖሮ እኔም ዛሬ አልጽፍም ነበር።

የጥቅም ግጭት አንቀጹም ደህና ነው፣ ግማሽ ድረስ። የቦርድ አባል ሁሉ በየዓመቱ ከመድኃኒት ኩባንያ የሚያገኘውን የምርምር ገንዘብ፣ የማማከር ክፍያና አክሲዮን በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ጉዳዩ እሱን የሚነካ ሲሆንም ከስብሰባው ይወጣል። ጥሩ። የሞላው ቅጽ የት ይቀመጣል? ጽሕፈት ቤት። አባላት ሊያዩት ይችላሉ? ስለዚህ አንድ ቃል የለም። መጽሔታቸው ላይ አንድ ገጽ ጽሑፍ ለማውጣት እኔ ያለኝን ሁሉ ለዓለም አሳውቃለሁ፤ መጽሔቱን የሚመራው ሰው ግን የሚያሳውቀው ለመሳቢያ ነው።

ማኅበሩ የተመዘገበው ስዊዘርላንድ ነው። እዚያ ማኅበር ማቋቋም ቀላል ነው፤ ዓላማውን፣ የገቢ ምንጩንና አደረጃጀቱን የሚገልጽ በጽሑፍ የተዘጋጀ ደንብ ካለ ማኅበሩ አለ ማለት ነው። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነበር። ኋላ የስዊስ ፍትሐ ብሔር ሕግን ከአንቀጽ 60 ጀምሮ ሳነብ ነው ደንባችን የደበቀኝን ያገኘሁት። ከአባላቱ አንድ አምስተኛው ከጠየቁ ጠቅላላ ጉባኤ መጠራት አለበት። ሕግን ወይም ደንቡን የሚጥስ ውሳኔ ሲተላለፍ ያልተስማማ አባል ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። በማኅበሩና በራሱ፣ በትዳር ጓደኛው፣ በወላጁ ወይም በልጁ መካከል ባለ ጉዳይ ላይ አባሉ ድምፅ አይሰጥም። ዓመቱ ከማለቁ 6 ወር ቀድሞ ያሳወቀ አባል መውጣት ይችላል፤ ማንም አይይዘውም። ከእነዚህ አንዱንም ደንባችን ላይ አታገኙትም። ዋሽተዋል ማለቴ አይደለም። «በዚህ ደንብ ያልተሸፈነ ጉዳይ በስዊስ ሕግ ይዳኛል» የምትል አንዲት መስመር አስገብተው አልፈዋል። መስከረም ላይ አዲስ የገባ ወጣት ተመራማሪ ያቺን መስመር አይቶ የስዊስን ሕግ ፍለጋ አይሄድም። ግማሽ ኮከብ ቀነስኩ።

የአባልነት ዓይነቱ 4 ነው፤ ሙሉ፣ ተባባሪ፣ ተማሪና የክብር። ድምፅ ያላቸው ሙሉውና የክብሩ ናቸው። ልብ በሉ፣ የክብር አባል መዋጮ አይከፍልም፣ ድምፅ ግን ይሰጣል፤ የሚሾመውም በቦርዱ ነው። ተባባሪው ይከፍላል፣ አይመርጥም። ተማሪዎች ደግሞ ቦርዱ ውስጥ አንድ ወንበር አላቸው፤ ታዛቢ ሆኖ የሚቀመጥ፣ ድምፅ የማይሰጥ፣ ምስጢር ነው የተባለ አጀንዳ ሲመጣም የሚወጣ። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይኼ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ።

ደንቡ ጠቅላላ ጉባኤው የማኅበሩ ከፍተኛው አካል ነው ይላል። በደማቁ ነው የተጻፈው። ሁለት ገጽ ዝቅ ስትሉ ዕጩዎችን የሚያቀርበው አስመራጭ ኮሚቴው መሆኑን ታነባላችሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማነው? የተሰናበተው ፕሬዚዳንት። ሌሎቹንስ ማን ሰየማቸው? ቦርዱ። ለአንድ ወንበር ስንት ዕጩ ይቀርባል? «ቢያንስ አንድ»። ቢያንስ አንድ! ባለፉት ሦስት ምርጫዎች ለፕሬዚዳንትነት የቀረበው አንድ አንድ ሰው ነው፤ የድምፅ መስጫውም «እደግፋለሁ» እና «ድምፀ ተአቅቦ» የሚል ብቻ ነበር አሉኝ። የመቃወሚያ ሳጥን እንኳ የለም። መሰላሉ ደግሞ ረጅም ነው፤ ሁለት ዓመት ምክትል፣ ሁለት ዓመት ተመራጭ ፕሬዚዳንት፣ ሁለት ዓመት ፕሬዚዳንት፣ ሁለት ዓመት ያለፈው ፕሬዚዳንት። አንዴ ከታች የገባ ሰው ለ8 ዓመት ቦርዱ ላይ ነው፤ በመጨረሻው ሁለት ዓመት ደግሞ ተተኪዎቹን የሚመርጠውን ኮሚቴ ይመራል። ልምድ እንዳይባክን ነው ይላሉ። እውነት አለው፤ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ማዘጋጀት በአንድ ዓመት የሚለመድ ሥራ አይደለም። ግን ለልምድ ሲባል ምርጫውን ወደ ጭብጨባ መቀየር ምን ያስፈልጋል?

አንድ ቀዳዳ ትተዋል። 50 ሙሉ አባላት ከፈረሙ፣ ምርጫው ሊካሄድ 90 ቀን ሲቀረው፣ ከኮሚቴው ውጭ ዕጩ ማቅረብ ይቻላል። ኮሚቴው የራሱን ዕጩ ይፋ የሚያደርገው መቼ ነው? 75 ቀን ሲቀረው። ይህን ሳነብ ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ። አልተሳሳትኩም። ማን እንደሚቀርብ ሳታውቁ ተቃዋሚ ታቀርባላችሁ።

ምልዓተ ጉባኤውም እንዲሁ ነው። «በስብሰባው የተገኙት ድምፅ ያላቸው አባላት ምልዓተ ጉባኤ ይሆናሉ» ይላል። አምስት ሰው ቢመጣ አምስቱ ሞሉ። ባለፈው ጉባኤ የማኅበሩ ጉዳይ የሚወሰንበትን ስብሰባ በተመልካችነት ገብቼ አይቼዋለሁ፤ የመጨረሻው ቀን፣ ጠዋት በ1 ሰዓት፣ ግማሹ ተሳታፊ ሻንጣውን ይዞ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሲሄድ። 37 ሰው ቆጠርኩ። የዓመቱ ሪፖርት፣ ሒሳቡና ሁለት የደንብ ማሻሻያ በ40 ደቂቃ አለቁ። ማንም አልተነፈሰም።

ማኅበር ውስጥ ማን ድምፅ ይሰጣል የሚለው የቢሮ ነገር የሚመስለው ካለ የሄልሲንኪን መግለጫ ያስብ። በሰው ላይ የሚደረግ ምርምርን ሥነ ምግባር በሚመለከት የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ሁሉ የሚጠቅሱት ሰነድ ነው። ያወጣው መንግሥት አይደለም። በ1947 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዓለም ሕክምና ማኅበር በ1964 ሄልሲንኪ ላይ በጠቅላላ ጉባኤው ያጸደቀው ነው፤ ድምፅ የሚሰጡትም የየአገሩ የሐኪሞች ማኅበራት ተወካዮች ናቸው። በ2000 ኤድንብራ ላይ ሲሻሻል አንቀጽ 29 ስለ ፕላሲቦ (በሙከራ ላይ መድኃኒት መስሎ ለማነጻጸሪያ ስለሚሰጥ ባዶ ነገር) አጥብቆ ተናገረ። ጭቅጭቁ አልበርድ ሲል በ2002 ማብራሪያ ተጨመረለት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 መግለጫውን ከደንቡ አውጥቶ በጥሩ ክሊኒካዊ አሠራር መመሪያ (በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ እንዴት እንደሚካሄድ በሚያስቀምጥ ሌላ መመሪያ) ተካው። ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለው በ2024፣ እዚያው ሄልሲንኪ ላይ ነው። ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ እጅ ያወጣ ሰው የሌላውን አገር በሽተኛ ይነካል።

ኤድንብራ ካልኩ አይቀር (ከተማዋ ከሕክምና ማኅበራት ጋር ምን እንዳላት እንጃ) ለዚህ ግምገማ ዋናውን ነጥብ የሰጠኝ ሌላ ታሪክም እዚያ ነው የተፈጸመው። ኮክሬን የሕክምና ማስረጃዎችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው፤ በ1993 ተመሠረተ። መስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩትን የዴንማርኩን ፒተር ጎትሼን ቦርዱ ከአባልነት አሰናበተ። ድምፁ 6 ለድጋፍ፣ 5 ለተቃውሞ፣ 1 ተአቅቦ ነበር። አራት የቦርድ አባላት በተቃውሞ ለቀቁ። በተመራጭና በተሿሚ አባላት መካከል ያለው ሚዛን እንዳይዛባ ደግሞ ሁለት ተሿሚዎች እንዲወርዱ ተደረገ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። እኔን የያዘኝ ሒሳቡ ነው። 6፣ 5፣ 1። ደንብ «ከተሰጠው የድጋፍና የተቃውሞ ድምፅ አብላጫው» ካለ 6 ከ11 ነው፤ ያልፋል። «ከተገኙት አባላት አብላጫው» ካለ ግን 6 ከ12 ነው። ልክ ግማሽ። ይወድቃል። ስድስቱ ሰዎች ያው፣ አዳራሹ ያው፤ የሰውየውን ዕጣ የምትወስነው አንዲት ሐረግ ናት።

ወዲያው የእኛን ገለጥኩ። አንቀጽ 11፣ አባልን ስለ ማሰናበት። «ቦርዱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለማኅበሩ ጥቅም ሲል አባልን ማሰናበት ይችላል።» የምኑ ሁለት ሦስተኛ? የተገኙት? ድምፅ የሰጡት? የቦርዱ ጠቅላላ ቁጥር? አይልም። ተአቅቦ ይቆጠራል? አይልም። የተከሰሰው ሰው ክሱ በጽሑፍ ይደርሰዋል? ይሰማል? ይግባኝ አለው? ስለዚህ ሁሉ ዝምታ ነው። የስዊስ ሕግ ደግሞ እዚህ ላይ ብዙ አያድንም፤ ደንቡ ከፈቀደ አባልን ምክንያት ሳይገልጹ ማሰናበትም ይቻላል ይላል። ስለ ዓርማው ቀለም አንድ ሙሉ ገጽ የጻፈ ደንብ ሰው ስለማባረር ሦስት መስመር በቃው። አንድ ተኩል ኮከብ እዚህ ጋ ሄደ።

ለጽሕፈት ቤቱ ይህንኑ ጠየቅኩ። «እስካሁን ማንንም አሰናብተን ስለማናውቅ ጥያቄው አልተነሳም» አሉኝ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ልተረጉምላቸው ሞክሬ ተውኩት።

ለምትገቡ ሰዎች የምለው ይህን ነው። የትኛው ማኅበር ይሁን፣ ከመክፈላችሁ በፊት የአባልነት ዓይነቱን፣ የአስመራጭ ኮሚቴውን፣ የምልዓተ ጉባኤውንና የማሻሻያውን አንቀጽ አንብቡ። አሥር ደቂቃ ነው። ስለ ዓላማ የሚያወራውን ዝለሉት፤ የሁሉም ዓላማ ያምራል።

እኔ አልወጣሁም። ልዩነቱን ከፍዬ ሙሉ አባል ሆንኩ። ሦስት መስመር ማሻሻያም አርቅቄአለሁ፤ ለአንድ ወንበር ቢያንስ ሁለት ዕጩ፣ የኮሚቴው ዕጩ በ120 ቀን ይፋ እንዲሆን፣ አንቀጽ 11 ላይ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ከምን እንደሚቆጠር። አባል ማሻሻያ ለማቅረብ 70 ፊርማ ያስፈልገዋል። 52 አግኝቻለሁ። ችግሩ በደንቡ መሠረት መዋጮ ያላደሰ ሰው ፊርማ አይቆጠርም፤ ከ52ቱ ዘጠኙ አላደሱም። እናም በዚህ ሳምንት ሥራዬ ዘጠኝ ሰዎችን መዋጮ ክፈሉ እያልኩ መወትወት ሆኗል። ጽሕፈት ቤቱ ሳይቀጥረኝ።