የወንድሜን ሥዕል ላዳነችልኝ ባለሙያ

ሟቹ ወንድሜ በአክሪሊክ (ከፕላስቲክ ሙጫ በሚዘጋጅ ቀለም) የሠራውን ትልቅ ሸራ ዳግም ግድግዳ ላይ ለማየት ያበቃችኝን የሥዕል ጥገና ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እጇ ይባረክ!

ሥዕሉ ዕቃ ሲጓጓዝ በአረፋማ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሞቃት መጋዘን ውስጥ ከርሟል። ፕላስቲኩ ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ የአረፋዎቹ ክብ ምልክት ታትሞበት ነበር። መጀመሪያ ያማከርሁት ሰው “በአልኮል ጠርገን ቫርኒሽ እንቀባዋለን” አለኝ። እርሷ ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ አልኮል አክሪሊክን ያሟሟዋል። የዘይት ቀለም ዕድሜው በገፋ ቁጥር ይጠነክራል። አክሪሊክ ግን ከደረቀ በኋላም ሲሞቅ ይለሰልስና አቧራ ይይዛል፣ ብርድ ሲጸናበት ደግሞ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ውሃ እንኳ ሊያሳብጠው ይችላል።

ስለዚህ ክፍሉን በልኩ አቀዝቅዛ ፕላስቲኩን በጥቂት በጥቂቱ አላቀቀችው። ከጠርዙ ላይ ሞክራ ውጤቱን ሳታይ አንዲት ጠብታ አላሳረፈችበትም። እንዲያምር ቫርኒሽ እንድትቀባው ብለምናትም እምቢ አለች፤ አንዴ ከተቀባ ቀለሙን ሳይጎዱ ማንሳት ከባድ ነውና። እንዲህ ያለ እምቢታ ያኮራል።

የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የማርክ ሮትኮን ሥዕሎች ነገር ያነሳችልኝም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰቀሉት ሥዕሎች ሊቶል ሬድ የተባለ ለብርሃን የማይበረታ ቀይ ስለነበረባቸው ከመስኮት በሚገባው ፀሐይ ደብዝዘው በ1979 ወረዱ። በ2014 ለዕይታ ሲመለሱ ባለሙያዎቹ የደበዘዘውን ዳግም ከመቀባት ይልቅ የጎደለውን ቀለም በፕሮጀክተር ብርሃን አካካሱት። የሠዓሊው እጅ ሳይነካ ቀረ። የእርሷም መንገድ ይኸው ነው።

ሁሉም ምልክት አልጠፋም። ከጎን ሲያዩት ጥቂት ክቦች ይታያሉ፤ ይህንንም ሥራውን ሳትጀምር በግልጽ ነግራኛለች። ስትጨርስ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶግራፎችን፣ የተጠቀመችበትንም ሁሉ በጽሑፍ አስረከበችኝ። ወደፊት ሌላ ባለሙያ ቢነካው ከምን እንደሚነሳ ያውቃል።

በአክሪሊክ፣ በፕላስቲክ ወይም በስፖንጅ የተሠራ ሥራ ያላችሁ፣ በተለይ ስፖንጁ መፈርፈር የጀመረባችሁ፣ ሳትነካኩት አሳዩአት። ስሟ በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለገች በግል ለሚጽፍልኝ አገናኛለሁ።