የእናቴን የደረት ህመም ችላ ላላለችው ዶክተር ትልቅ ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንደኛ ለማመስገን ነው። ሁለተኛ ደግሞ እናት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት ያላችሁ ሁሉ እንድታነቡት ነው። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ስኳርም ግፊትም አለባት። አያቴም የሞቱት በልብ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ደረቷን ያማት ጀመር። ውጋት አይደለም፤ «ጭንቅ አድርጎ ይይዘኛል» ነው የምትለው። በቸርችል ጎዳና ዳገቱን ይዛ ወደ ፒያሳ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለች። አንዳንዴ ደግሞ ቁጭ ባለችበት ይጀምራትና እስከ መንጋጋዋ ይደርሳል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ድክም ይላታል።

ያልሄድንበት የለም። ስም አልጠራም፣ ግን አንጀቴ አሮ ነው የምጽፈው። አንዱ ጋ በቅጡ እንኳ ሳያያት «ጨጓራ ነው» አላት። ኦሜፕራዞል ዋጠች፣ በርበሬ ተወች፣ ቡና ተወች። እናቴ ቡና ተወች ስላችሁ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ህመሙ ግን እንዳለ ነው። ሌላ ጋ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳች፣ ደህና ነው ተባለ። በመጨረሻ የደረሰኝን የዕቁብ ብር ይዘን ሄደን አንጂዮግራም፣ ማለትም የልብ ደም ስሮች ፎቶ፣ አሠራን። የልቧ ደም ስሮች ንጹህ ናቸው ተባለ። እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ሳንጨርስ ሐኪሙ ፋይሉን ዘጋና «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው፣ ልጆችሽን አታስጨንቂ» አላት። ለዚያውም ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምር የኖረችን ሴት፣ በእኔ ፊት፣ አንቺ እያለ። ከዚያ ወዲህ ህመሟን መደበቅ ጀመረች። ሲይዛት ጓዳ ትገባለች። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ስታዲየም አካባቢ የምትሠራ የልብ ስፔሻሊስት አለች ብላ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እሷንም እግዜር ይስጣት።

ዶክተሯ ወጣት ናት። እናቴ ተስፋ ቆርጣ ስለነበር ገና ከመቀመጧ «ጨጓራዬ ነው መሰለኝ» ብላ ጀመረች። ዶክተሯ የያዝነውን የወረቀት ክምር ወደ ጎን አደረገችና «እሱን ይተዉትና ሲይዝዎት ምን እንደሚሰማዎት ይንገሩኝ» አለቻት። ሳታቋርጣት ሰማቻት። ከዚያ ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ጠየቀቻት፦ «ልጆችዎን ሲያረግዙ ግፊት ነበረብዎት?» ነበረባት! እኔን ስታረግዝ ግፊቷ ጨምሮ፣ እግሯ አብጦ፣ በመከራ ነው የተገላገለችኝ። ያኔ የመጣ ግፊት ከዓመታት በኋላ ለልብ ህመም እንደሚያጋልጥ ማን ነግሮን ያውቃል?

መራመጃ ማሽኑ ላይ ስትወጣ ዶክተሯ ነጠላዋን ተቀብላ አጣጥፋ ክንዷ ላይ ያዘችላት። አጠገቧ ቆማ፣ አንድ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ፣ አንድ ዓይኗ እናቴ ላይ። እናቴ «አሁን መጣ» ስትል ማሽኑን አስቆመችና «አዎ፣ እኔም እያየሁት ነው» አለቻት። ያቺን ቃል መቼም አልረሳትም። እናቴ እዚያው አለቀሰች።

ስለ ምርመራው ብዙ አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው። አንጂዮግራም የሚያሳየው ትልልቆቹን የልብ ደም ስሮች ነው። ቀጫጭኖቹ በፎቶው አይታዩም። የመንገዱ ትልቅ ቧንቧ ደህና ሆኖ ቤታችሁ የሚገባው ቀጭኑ ውሃ እንደማያደርሰው ማለት ነው። አንዳንዴም ትልቁ ደም ስር ራሱ ድንገት ይኮማተርና ይለቃል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ዋይዝ የሚባል በሴቶች ላይ ብቻ ያተኮረ ጥናት ተጀምሮ፣ ደረታቸውን እያመማቸው ትልልቅ ደም ስሮቻቸው ንጹህ ከሆኑት ብዙዎቹ በእነዚህ ቀጫጭኖቹ ላይ ችግር እንዳለባቸው ታይቷል። ታዲያ ይሄ ሁሉ እየታወቀ እናቶቻችን እስከ ዛሬ ጭንቀት ነው እየተባሉ ይመለሳሉ!

መድኃኒቷን አስተካከለችላት፣ ግፊቷንና ስኳሯን በደንብ ያዘችላት፣ ኮሌስትሮሏንም እየተከታተለች ነው። ህመሙ ጨርሶ ጠፋ አልልም። ግን በጣም ቀንሷል፣ ሲመጣም ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። ቡናዋም ተፈቅዶላታል፣ ብቻ አታብዢ ተብላለች።

ዶክተርዬ፣ እናቴን ስላመንሻት እግዚአብሔር ያክብርሽ። ልጅ ካለሽ በልጅሽ ይካስሽ።

እናንተም እባካችሁ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮል ወይም የቤተሰብ የልብ ህመም ያለባት ሴት ደረቴን አመመኝ ካለች ጨጓራ ነው ብላችሁ አትተዉት። ኢሲጂውም አንጂዮግራሙም ደህና ነው ተብላ ህመሙ ካልለቀቃት ዝም አትበሉ፣ ሌላ ሐኪም ጋ ውሰዷት። አርፋ እንኳ የማይለቃት፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያጠምቃት ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ዶክተሯ ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለገችም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻዋን እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የድሮ ወረቀቶቻችሁን በሙሉ ያዙ፣ በጠዋት ድረሱ፣ ወረፋው ይረዝማል።