«32 ይገባል» የተባልኩት የብስክሌት ፍሬም፦ ከስምንት ወር በኋላ

ድምፁን መጀመሪያ የቅጠል ነው ብዬ ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከዋሽንግተን ዲሲው ጆርጅታውን በብስክሌት ተነስቼ የሲ ኤንድ ኦን ቦይ ዳር ይዤ ወደ ግሬት ፎልስ እየነዳሁ ነው። መንገዱ ድሮ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሚሄዱበት ነበር። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1924 ሥራ ቢያቆምም መንገዱ እስከ ከምበርላንድ 184 ማይል ተኩል ድረስ ዛሬም አለ፤ ሲደርቅ ኮረኮንች፣ ሲዘንብ ጭቃ። ከኋላዬ «ሽር… ሽር…» ይላል። ቅጠል ተሰክቶ ይሆናል፣ ራሱ ይወድቃል አልኩና ሁለት ማይል ያህል ቀጠልኩ። ወርጄ ሳይ ቅጠል የለም። ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ በሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች መካከል ጭቃ ከነጠጠሩ ታሽጎ፣ ጎማው እየዞረ ያንን ጠጠር እንደ ሞረድ ሲያሻሸው ቆይቷል። ቀለሙ ተልጦ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ሳንቲም የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ ብረት። 840 ዶላር የከፈልኩበት ጥቁር አረንጓዴ ፍሬም ላይ!

ይህንን የምጽፈው ስለዚያች ሳንቲም ነው። ስለ ማርሹ፣ ስለ ኮርቻውና ስለ መሪው ማወቅ የሚፈልግ ካለ ደህና ናቸው፤ በስምንት ወር 2,600 ማይል ነድቼ አንዱም አላስቸገረኝም።

ለምን እንደገዛሁት ልናገር። ከአሌክሳንድርያ ወደ ዲሲ ሥራ የምመላለሰው በማውንት ቨርነን መንገድ ነው። በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ የሚያልፍ ቆንጆ መንገድ ነው፤ ነገር ግን የዛፍ ሥር አስፋልቱን ከታች እየገፋ ቦታ ቦታ ላይ አሳብጦታል፣ የእንጨት ድልድዮቹም ሲረጥቡ ሳሙና ናቸው። የድሮው ብስክሌቴ አልሙኒየም ነበር፤ ጎማው 25 ሚሊሜትር ስፋት፣ የንፋሱ ግፊት 100 ፒ.ኤስ.አይ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ስደርስ እጄ ከመደንዘዙ የተነሳ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ክኒን ቆጥሬ አላምንም፤ ደግሜ እቆጥራለሁ። እና «የብረት ኮርሳ፣ ሰፋ ያለ ጎማ የሚይዝ» ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። አንድ ወር ሙሉ አነበብኩ። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ አንድ ወር ያነበብኩት በሙሉ ስለ ብረቱ ነበር።

ሻጩ ትሁት ልጅ ነው፣ ክፉ አልነበረም። «ክሮሞሊ ነው፣ 4130። ብረት መንገዱን ይውጠዋል» አለኝ። እኔም ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ አንብቤ መጥቻለሁና። 4130 ማለት ክሮሚየምና ሞሊብዴነም የተጨመረበት፣ 0.30 በመቶ ገደማ ካርበን ያለው ብረት ነው። ጥሩ ብረት ነው፣ አልክድም። ግን አንተ ልጅ፣ አሁን ብታገኘኝ የምጠይቅህ ጥያቄ አለኝ። ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተበየደ ቱቦ ወደ ላይና ወደ ታች ስንት ይለጠጣል? እኔ ሞክሬዋለሁ። አዲሱ ፍሬም ላይ የድሮውን 25 ጎማ በ100 ፒ.ኤስ.አይ አስገብቼ አንድ ሳምንት ነዳሁ፤ እጄ እንደ ድሮው ደነዘዘ። 32ቱን በ55 አስገባሁ፤ መደንዘዙ ጠፋ። ፍሬሙ ያው፣ መንገዱ ያው፣ የዛፉ ሥር ያው። መንገዱን የሚውጠው ጎማው ነው። እናንተ ግን ጎማው የሠራውን ሥራ ለብረቱ ቆጥራችሁ ዋጋ ታስከፍሉበታላችሁ።

ብረት ለሰፊ ጎማ ይመቻል የሚባለው ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ብረት ከአልሙኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ግትርነቱም እንዲሁ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቱቦውን ቀጭን አድርገው ሊሠሩት ይችላሉ። የኋላዎቹ ክንዶች፣ ማለትም ያ ጠጠር የተሰካባቸው ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች፣ ደግሞ በአንድ በኩል ከጎማው፣ በሌላ በኩል ከፔዳሉ ማርሽ ጋር ተጣበው የሚያልፉ ስለሆኑ እዚያ ላይ ቱቦው ቀጠነ ማለት ለጎማው ቦታ ተረፈ ማለት ነው። ሠሪው ካሰበበት ክንዶቹን ከመበየዱ በፊት ጎማው በሚያልፍበት ቦታ ጎድጎድ ያደርጋቸዋል፣ ትንሽም ያስረዝማቸዋል። የእኔን የሠራው ሰው አላሰበበትም። 415 ሚሊሜትር፣ ለውድድር እንደሚሠራው አጭር፣ ምንም ጉድጓድ የሌለው ክብ ቱቦ ነው የሰጠኝ። የተረፈውን ቦታ እንኳ አልተጠቀመበትም።

ቁጥሩ ላይ እንምጣ። ጎማዬ ጎን ላይ 32-622 ተጽፏል። 622 ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር ነው፤ ይህኛው አይዋሽም። 32 ስፋቱ ነው ይባላል። ይባላል ነው! ስፋቱ የሚወሰነው ጎማው በሚገባበት ቸርኬ ነው። ቸርኬው ከውስጥ በ1 ሚሊሜትር ሲሰፋ ጎማው በ0.4 ገደማ ይሰፋል፤ ዘንድሮ ደግሞ ሰፊ ቸርኬ ፋሽን ነው። የእኔ ውስጡ 23 ነው፣ እነሱ ራሳቸው የሸጡልኝ። ጎማውን ነፍቼ ሁለት ሳምንት ካቆየሁት በኋላ በካሊፐር ስለካው 33.8 ሆኖ አገኘሁት። በክንዶቹ መካከል፣ ጎማው በሚያልፍበት ቦታ ያለው ክፍተት 39 ነው። ቀንሱት፣ ለሁለት አካፍሉት፤ በየጎኑ 2.6 ሚሊሜትር። አንድ የሽሮ እህል የማያሳልፍ ክፍተት። ለደረቅ አስፋልት እንኳ ቢያንስ 4 ያስፈልጋል፤ ጭቃ ላይ ለሚነዳ 6 እና ከዚያ በላይ። ቸርኬው ትንሽ ሲጣመም፣ ዳገት ላይ ቆመህ ስትረግጥ ሲወዛወዝ፣ ያቺ 2.6 ምን ይቀራታል?

ሱቁ ደወልኩላቸው። «ድረ ገጹ ላይ እስከ 32 ነው የሚለው፣ 32 ደግሞ ገብቷል» አለኝ ሻጩ። እውነቱን ነው፣ ገብቷል። ሠርግ ላይ ጠባብ ጫማም እግር ይገባል፤ ጉዱ የሚመጣው እስክስታው ላይ ነው። «ጭቃ ላይ እንደምትነዳ አልነገርከንም» ብሎ ጨመረበት። ነግሬው ነበር። የቦዩን መንገድ ስሙን ጠርቼ ነበር። ግን ስልኩ ላይ መጨቃጨቅ ደከመኝና «እሺ» ብዬ ዘጋሁት፤ እስከ ዛሬ ማታ ማታ እቃ ሳጥብ ለዚያ ልጅ የምሰጠው መልስ ይመጣልኛል።

ደግሞ ክንዶቹ ብቻ አይደሉም። ይህ ፍሬም የሚይዘው ቸርኬውን ከላይ የሚጨብጠውን ፍሬን ነው እንጂ ዲስክ አይደለም። የተለመደው የኮርሳ ፍሬን ክንዱ ከ39 እስከ 49 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ከሱ ጋር ከ28 በላይ ማሰብ ከባድ ነው። የእኔ መካከለኛው ነው፣ ከ47 እስከ 57 የሚደርሰው። ሻጩ ይህን እንደ ትልቅ ምሥራች ነበር የነገረኝ። ሆኖም ፍሬኑ ቦታ ቢሰጥም የፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ትከሻ አልሰጠም፤ ከጎማው አናት እስከ ትከሻው 3 ሚሊሜትር ነው። ፓራፋንጎ ላስገባ ብልማ ጎማው ወደ 28 መውረድ አለበት። ይህም ድረ ገጹ ላይ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ያየሁት ከገዛሁ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ እኔ ደግሞ አንድ ወር ቆይቼም አፈሰስኩ።

ለተላጠው ቦታ የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ተጠቀምኩ። ብረት እርጥበት አይወድም፣ እዚህ ደግሞ ክረምት ላይ መንገዱ ሁሉ ጨው ነው፤ ባዶውን ከተውኩት ዝገት ይበላዋል። በአሸዋ ወረቀት ጠረግኩ፣ በአልኮል አጸዳሁ፣ ሁለት ጊዜ ቀባሁ። አረንጓዴዋ ትንሽ ትፈዝዛለች እንጂ ትመስላለች። «ለሠርግ የገዛሁትን ቀለም ለብስክሌት?» አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ብላ አየችና «እጅህ ግን ጥሩ ነው» ብላ ሄደች። በዚህ ብስክሌት የተመሰገንኩት ያኔ ብቻ ነው።

ሆዴን የበላኝ ግን የጋሼ ፔዦ ነው። ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ብስክሌት ይነዳሉ። ከሰው ግቢ ሽያጭ በ60 ዶላር የገዙት የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፔዦ አላቸው። እንደ ታክሲዋ ፔዦ አትሙት ያላት፣ ቀለሟ የወየበ። ክሮሞሊም አይደለም፣ ተራ ብረት ነው፤ ሲያነሱት ወገብ ይይዛል። አንድ ቅዳሜ ጎማቸውን አይቼ ደነገጥኩ። 35 ነው። ፓራፋንጎም አለው። በመሀሉ ደግሞ ጣት ይገባል።

«ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ገባልዎት?»

«ምን ጥያቄ ነው? እንደ ሁሉ ጎማ ገባ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚያ ብስክሌቶች የተሠሩት 27 ኢንች ለሚባለው ጎማ ነበር፤ የቸርኬው ልክ 630። ጋሼ በሱ ፈንታ የዛሬውን 622 ሲያስገቡ ልዩነቱ 8፣ በግማሹ 4 ሚሊሜትር ከላይ በነጻ አተረፉ። ፍሬኑ ድሮውንም ረጅም ክንድ ስለነበረው 4 ሚሊሜትር ዝቅ ማለት አላቃተውም። የኋላው ጎማ የሚታሰርበት ቦታ ወደ ፊት የተከፈተ ስለሆነ ቸርኬውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስሩታል፤ የእኔ ወደ ታች የተከፈተ ነው፣ መሳብ የለም። አዲሱ ሞዞ (የቸርኬው እምብርት) ሰፋ ሲልባቸውም የኋላ ክንዶቹን ቀስ ብለው በእንጨት ከፈቷቸው። ብረት ነውና ታዘዘ። ብረት የመግዛት ጥቅም ይኸውና፣ በዓይኔ አየሁት፤ ያየሁት ግን በ60 ዶላሩ ላይ ነው። ያኔ የነበረ ሰው ብስክሌት ሲሠራ መንገድ መጥፎ መሆኑን ያውቅ ነበር። ኋላ የውድድር ፋሽን መጣና ጎማና ፍሬም ተጣበቁ፤ ለሱቅና ለሥራ የሚነዳው ሰው ሁሉ እንደ ሯጭ ጠባቡን ገዛ። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

መላ አልፈለግኩም አይባልም። ትንሹን ቸርኬ፣ 584ቱን፣ አስቤ ነበር፤ በሱ ሰፋ ያለ ጎማ ይገባል ይላሉ። ከ622 ሲቀነስ 38፣ በግማሹ 19 ሚሊሜትር፤ ፍሬኔ ያን ያህል ወደ ታች አይደርስም፣ በዚያ ላይ ጠባቡ ክንዶቹ ጋ እንጂ አናቱ ጋ ብቻ አይደለም። አንድ መካኒክ ደግሞ ክንዶቹን በጉጠት ጨቁኜ ጎድጎድ ላድርግልህ አለኝ። ቱቦ ከመበየዱ በፊት የሚደረግ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ በተቀባና በተበየደ ፍሬም ላይ፣ ያውም ስስ ግድግዳ ባለው ቱቦ ላይ፣ ልቤ እሺ አላለም።

እና አሁን የምነዳው በ28 ነው። በዚህ ቸርኬ ላይ ሲለካ 30 ይሆናል፤ በየጎኑ 4.5 ሚሊሜትር ተረፈኝ፣ 65 ፒ.ኤስ.አይ እነፋዋለሁ። እጄ በጣም አይደነዝዝም። የቦዩን መንገድ ደረቅ ሲሆን ብቻ እሄድበታለሁ፤ ዘንቦ እንደሆን ቤቴ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ይቆጭሃል ወይ ካላችሁኝ፣ ቅዳሜ ይቆጨኛል። ሰኞ ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ወንዙ ላይ ጭጋግ ተኝቶ፣ ያ ቀጭን አረንጓዴ ፍሬም ከሥሬ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ግን አይቆጨኝም፤ እንዲያውም የሻጩን ልጅ ይቅር እለዋለሁ። እስከ ማታ እቃ አጠባው ድረስ።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ድረ ገጹን ተዉትና የራሳችሁን የኋላ ቸርኬ ከነተነፋ ጎማው ተሸክማችሁ ሱቅ ሂዱ። ፍሬሙ ላይ አስገቡትና ባለ 6 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) በጎማውና በክንዶቹ መካከል፣ በፎርኩ ትከሻ ስር፣ በፍሬኑ ስር አሳልፉ። አንዱ ጋ ካላለፈ ሻጩ ስለ ክሮሞሊ ሲያወራ ሰዓታችሁን እዩ። ያስቃል፣ ሰው ያያችኋል። እኔ ያንን ሳቅ ብከፍል ኖሮ ዛሬ ሳንቲሟ አትኖርም ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼን «ፔዦዋን በ300 ዶላር ይሸጡልኝ?» አልኳቸው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣

«ያንተን አረንጓዴ ጨምርበትና እናውራ» አሉኝ።

እያሰብኩበት ነው።