ተጠንቀቁ! በሁለት ሳምንት የሚመጣው የኦንላይን ሃይስኩል ዲፕሎማ ኮሌጅ ላይ አይሰራም

ትናንት ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ልጅ ኮሌጅ ልትመዘገብ ሄዳ እያለቀሰች ተመልሳለች። ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቲክቶክ ላይ «ክላስ የለም፣ ቤትሽ ሆነሽ ዲፕሎማሽን ውሰጂ» ይላሉ፤ ከዚያ ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የሚያግባባ ደላላ ይመድባሉ። 299 ዶላር ለዲፕሎማው፣ 75 ለትራንስክሪፕቱ (የየዓመቱ ውጤት ለሚዘረዘርበት ወረቀት)፣ ሁሉም በዜል፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው በሚላክ ገንዘብ።

ፈተና የሚሉት ነገር ባለ ምርጫ ጥያቄ ነው፤ የሰዓት ገደብም ተቆጣጣሪም የለውም። ስትሳሳቱ ወደ ጥያቄው ይመልሳችሁና ትክክለኛውን መልስ አድምቆ ያሳያችኋል። መውደቅ የለም። ልጅቷ ግን በእውነት ተፈትና ያለፈች መስሏት ለእናቷ ደውላ ነበር።

መዝጋቢዋ ትራንስክሪፕቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ስፖርት፣ 9ኛ ክፍል፣ 2017፣ ቢ ፕላስ። «በዚህ ዓመት የት ነበርሽ?» አለቻት። ልጅቷ ያኔ ደሴ ነበረች፤ አሜሪካን በእግሯ አልረገጠችም። ከስሩ የአሜሪካ ታሪክ፣ አልጀብራ፣ ባዮሎጂ፣ የአራት ዓመት ውጤት ተደርድሯል። አንዱንም ያስተማራት ሰው የለም፤ ቁጥሩ ዝም ብሎ የተሞላ ነው። ሴትየዋ የትምህርት ቤቱን ስም ለትምህርት ቤቶች እውቅና የሚሰጠው የኮግኒያ መዝገብ ውስጥ ፈለገችው፣ የለም። ሌላው እውቅና ሰጪ ሚድል ስቴትስ ውስጥ ፈለገችው፣ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው የወርቅ ማኅተም የአንድ «እውቅና ሰጪ» ነው፤ የዚያ እውቅና ሰጪ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ከዚሁ ትምህርት ቤት በቀር ሌላ አልተዘረዘረም። ምዝገባው ቆመ። በዓመት እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰው ፔል ግራንት፣ የማይመለሰው የፌደራል መንግሥት የኮሌጅ ድጋፍም አብሮ ቆመ።

ደላላው ገንዘቡ እስኪገባ «የኔ እህት፣ እኔ አለሁልሽ» ሲላት ከርሟል። ትናንት የጻፈላት ይሄን ነው፦ «ዲፕሎማ ብለሽ ከፈልሽ፣ ዲፕሎማ ደረሰሽ። ኮሌጅ አስገባሻለሁ ያለሽ ማን ነው? አታጨናንቂኝ።» ከዚያ ብሎክ አደረጋት። ያገሩን ልጅ እንዲህ ማለት ምን የሚሉት ነውር ነው?

ይበልጥ የሚያንገበግበው ልጅቷ ይህ ዲፕሎማ ጭራሽ የማያስፈልጋት መሆኑ ነው። ደሴ 12ኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ወረቀቷ ሻንጣዋ ውስጥ አለ። የናሴስ (የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ማኅበር) አባል የሆነ ድርጅት ጋ ልካ ብታስገመግመው ኮሌጁ በዚያው ይቀበላት ነበር። ደላላው ይህን ያውቃል። መጀመሪያ የጠየቃት «ስንተኛ ክፍል ጨረስሽ?» ብሎ ነበር፤ ነግራዋለችም።

ይህ ንግድ አዲስ አይደለም። የፌደራሉ የንግድ ኮሚሽን ኤፍቲሲ በ2014 ፍሎሪዳ ውስጥ ያሉ ተመሳሳይ ሻጮችን ፍርድ ቤት አቁሟል፤ አንዱን ዲፕሎማ ከ200 እስከ 300 ዶላር እየሸጡ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበው ነበር። እነሱም እውቅና ሰጪውን ራሳቸው ነበር የፈጠሩት።

ሜሪላንድ ለዲፕሎማ 21 ክሬዲት ትጠይቃለች፤ አንድ ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ኮርስ ነው። በአንድ ከሰዓት ፈተና የሚሞላ ነገር አይደለም። ትክክለኛ የኦንላይን ሃይስኩል መጀመሪያ የቀድሞ ትራንስክሪፕታችሁን ይጠይቃል፣ በስሙ የምታውቁት አስተማሪ አለው፣ የቤት ሥራው የማስረከቢያ ቀን አለው፣ ትራንስክሪፕቱንም በቀጥታ ለኮሌጁ ይልካል።

12ኛን ያልጨረሳችሁ፣ ዕድሜያችሁ ከ21 በታች ከሆነ ሜሪላንድ ውስጥ የመንግሥት ሃይስኩል በነፃ ነው። ዕድሜያችሁ ከዚያ ካለፈ ጂኢዲ የሚባለው የሃይስኩል አቻ ፈተና አለ፤ አራት ትምህርት፣ በእያንዳንዱ 145 ማምጣት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም ይዛችሁ ልትገቡበት ያሰባችሁት ኮሌጅ ደውሉና «ትቀበሉታላችሁ?» በሏቸው። በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ ዛሬውኑ ባንካችሁ ደውላችሁ ዲስፒዩት አድርጉ፣ ማለትም ክፍያውን ተቃወሙ፤ በዜል የላካችሁት ግን መመለሱ ከባድ ነው። ለኤፍቲሲም አመልክቱ። ቴሌግራም ላይ ደላላው የጻፈውን ከእናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ስለሚችል፣ ምንም ከመጻፋችሁ በፊት ሙሉ ቻቱን ስክሪንሾት አንሱት።