ዊኪዳታ ለክፍለ ሀገር መጣጥፍ፦ ደረጃውን ለሚያስተካክል ሰው እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ

ስለ ክፍለ ሀገር የተጻፈ የኢንሳይክሎፒዲያ መጣጥፍ መጀመሪያ የሚያረጀው በቁጥሩ በኩል ነው። ተራራውና ወንዙ ባሉበት ይቆያሉ፤ የሕዝቡ ብዛት፣ የአስተዳዳሪው ስም፣ የወረዳዎቹ ቁጥር ግን ይለዋወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ዊኪዳታ ይህን ተለዋዋጭ ክፍል ከጽሑፉ አውጥቶ በአንድ ቋት ያኖረዋል፤ በየቋንቋው ያሉ የውክፔዲያ መጣጥፎችም በመረጃ ሳጥናቸው (በመጣጥፉ ጎን ባለው አጭር ሠንጠረዥ) ከዚያው መቅዳት ይችላሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አገልግሎቱ ነፃ ነው። ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። በግማሽ ተሞልቶ ከተተወ ግን አንዱን ስሕተት በብዙ ቋንቋ ያባዛል።

ትልቁ ጥንካሬው ቁጥርን ብቻውን አለመተዉ ነው። የካናዳን ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮን እንውሰድ። በ2016 የካናዳ ቆጠራ 13,448,494፣ በ2021 ደግሞ 14,223,942 ሰው ተቆጥሮባታል። ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ ሁለቱም ይቀመጣሉ። በሕዝብ ብዛት መስክ (ፒ1082፤ «ፒ» ያለበት ቁጥር ዊኪዳታ ላይ የመስኩ መለያ ነው) ሥር ለእያንዳንዱ ቁጥር ጊዜው (ፒ585)፣ በቆጠራ ይሁን በግምት የተገኘበት ዘዴ (ፒ459) እና ምንጩ ይሞላል። ዘዴውን ብዙ አርታዒ ይዘለዋል፤ መዘለል ግን የለበትም። የካናዳ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው ግምት በቆጠራ ያመለጡትንም ሰዎች ያካትታል። ዘዴው ካልተጻፈ አንባቢው ይህን ልዩነት የሕዝብ ዕድገት አድርጎ ይወስደዋል።

አዲስ ቆጠራ ሲወጣ በአሮጌው ቁጥር ላይ መደረብ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው። ቁጥሩ የ2021 ሆኖ ዓመቱና ምንጩ የ2016 ይቀራሉ፤ ምንጩን ከፍቶ የሚያመሳክር ሰው የተባለውን ቁጥር አያገኝም። አሮጌውን ሳይነኩ ለአዲሱ ሌላ መስመር ይክፈቱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ ነው፤ ሳጥኑ የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተግራ ሦስት ምርጫ ያላት ትንሽ ምልክት አለች፦ ተመራጭ፣ መደበኛ፣ የተሻረ። መለጠፊያው (በመጣጥፉ ውስጥ ሳጥኑን የሚሠራው ኮድ) በተለመደው ትእዛዝ ቁጥር ሲጠይቅ ተመራጭ ካለ እሱን ብቻ ያመጣል፤ ከሌለ መደበኛ የሆኑትን ሁሉ ይደረድራል። ሳጥኑ ውስጥ «13,448,494, 14,223,942» የሚል የተጣበቀ ጽሑፍ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። የቅርቡን ቆጠራ ተመራጭ ያድርጉ፤ የቀድሞው ተመራጭ ተብሎ ከነበረ ወደ መደበኛ ይመልሱት። «የተሻረ» የሚባለው የተሳሳተ ቁጥር እንጂ አሮጌ ቁጥር አይደለም። የ2016ቱ ቆጠራ ጊዜው አለፈ እንጂ አልተሳሳተም፤ ከሻሩት የሕዝብ ዕድገት ሠንጠረዥ የሚያወጡ መለጠፊያዎች ሊዘሉት ይችላሉ።

በቆዳ ስፋት (ፒ2046) ላይ ግን መሣሪያው ብዙ አይረዳም፤ ጥንቃቄው የአርታዒው ነው። የኦንታሪዮ ጠቅላላ ስፋት ከነሐይቆቿ 1,076,395 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በ2021 ቆጠራ የተወሰደው የየብስ ስፋት ግን ወደ 892,412 ነው። የ2021ን ሕዝብ ለመጀመሪያው ሲያካፍሉት 13.2፣ ለሁለተኛው ሲያካፍሉት 15.9 ሰው በካሬ ኪሎ ሜትር ይመጣል። መንግሥት የሚያትመው 15.9ን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስፋት የጠቅላላው ይሁን የየብሱ በማብራሪያ መለየት አለበት። ጥግግትን (በካሬ ኪሎ ሜትር የሚኖረውን ሰው ብዛት) በእጅ አይጻፉ፤ መለጠፊያው ከሁለቱ ቁጥሮች ያስላው። አሃዱንም ይመልከቱ፦ ስፋቱ በሄክታር ተመዝግቦ መለጠፊያው ካልለወጠው፣ ጥግግቱ መቶ እጥፍ አንሶ ይታያል።

ክፍለ ሀገር ሲከፈል መዝገቡም (ዊኪዳታ ላይ ያለው ገጹ) መከፈል አለበት። ዲሞክራቲክ ኮንጎ በ2015 ኪንሻሳን ጨምሮ 11 የነበሩትን ክፍሎቿን 26 ስታደርግ፣ ካታንጋ በኦ-ካታንጋ፣ በኦ-ሎማሚ፣ በሉዋላባና በታንጋኒካ ተተካ። ሉቡምባሺ የካታንጋም የኦ-ካታንጋም ዋና ከተማ ስለሆነች የካታንጋን መዝገብ ስሙን ብቻ ቀይሮ መቀጠል ቀላል ይመስላል። እንዲያ ከተደረገ የአራቱ ሕዝብና ስፋት በአንዱ ስም ይቆለላል፤ በየቋንቋው ያለው የካታንጋ ታሪክም ከማይመለከተው መዝገብ ጋር ይታሰራል። ትክክለኛው አሠራር የካታንጋን መዝገብ ባበቃበት ጊዜ (ፒ576) ዘግቶ፣ የተኩትን አራቱን (ፒ1366) ጠቅሶ፣ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መዝገብ መስጠት ነው።

የመሣሪያው ትልቁ ድክመት ከዓይን መሰወሩ ነው። ዊኪዳታ ላይ የተለወጠ ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ይታያል፣ በመጣጥፉ የለውጥ ታሪክ ላይ ግን አይመዘገብም። የሚከታተሉትን ገጽ ለመጠበቅ በውክፔዲያ የግል ምርጫዎችዎ ውስጥ የዊኪዳታ ለውጦችም እንዲታዩ ያብሩ፤ አለበለዚያ ክፉ እጅ የነካውን ቁጥር አያዩትም። በአማርኛ ደግሞ የዋና ከተማው ወይም የአጎራባቹ መዝገብ አማርኛ ስም ከሌለው ሳጥኑ በእንግሊዝኛ ይሞላዋል። ስለዚህ መለጠፊያውን ከማስገባትዎ በፊት ሳጥኑ የሚጠራቸውን መዝገቦች ስም ይሙሉ።

«ከውክፔዲያ የተወሰደ» (ፒ143) የሚል ምንጭ እንደ ምንጭ አይቆጠርም፦ መጣጥፉ ከቋቱ፣ ቋቱ ከመጣጥፉ እየቀዱ ይዞራሉ። የቆጠራውን ሰነድና የታየበትን ቀን ያስገቡ።

ጽሑፉን አጭር የማድረጉ ሥራ ቀላል የሚሆነው ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው። የሕዝብ ብዛት በመግቢያው፣ በሳጥኑና በሕዝብ ክፍሉ ሦስት ጊዜ ከተጻፈ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይሆናሉ። በሳጥኑ ይቅር፤ መግቢያው ክፍለ ሀገሩ የት እንደሚገኝ፣ ከማን እንደሚዋሰን፣ በምን እንደሚታወቅ ይናገር። የወረዳዎቹ ዝርዝር ከረዘመ የራሱ ገጽ ይሰጠው። «በአሁኑ ጊዜ» እና «በቅርቡ» የሚሉት ይውጡና ዓመት ይግባባቸው።

ለክትትል የዊኪዳታ መጠይቅ አገልግሎት አለ፦ የአንድ አገር ክፍላተ ሀገርን ሁሉ ዘርዝሮ፣ ቁጥራቸው ዓመት የሌለውን ወይም ምንጭ ያጣውን ለይቶ ያወጣል። ጥያቄው ከ60 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ስለሚቋረጥ ዓለሙን በሙሉ ሳይሆን አንድ አንድ አገር እየወሰዱ ይጠይቁ።