እማዬን ከራሷ ጋር ያወዳደረው ሲስተም

ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፣ እማዬ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት የተኛችበት ሆስፒታል መድሃኒት ደም ላይ የሚያመጣውን ጉዳት በኮምፒውተር የሚከታተል ሲስተም አለው፣ ስለሱ ነው የምጽፈው፣ ስለ ዶክተርና ስለ ምግቡ ሁሉም ሰው ይጽፋል ስለዚህ ነገር ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ከቫልቭ ኦፕሬሽን በኋላ ደሟ እንዳይረጋ ሄፓሪን ጀመሩላት። ይሄ ደም ማቅጠኛ ታዲያ አንዳንድ ሰው ላይ ይገለበጥና ፕላትሌቱን (ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ትንንሽ የደም ሴሎች) እየጨረሰ ጭራሽ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ ብዙ ጊዜ ከተጀመረ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ።

የእማዬ ፕላትሌት ከኦፕሬሽኑ በፊት 380 ሺህ ነበር። እንደወጣች ወረደ፣ እሱ ልብን ተክቶ በሚሰራው ማሽን ምክንያት የሚጠበቅ ነው አሉን፣ ከዛ መልሶ 360 ሺህ ሲገባ ተመስገን አልን። በ7ኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ላይ ውጤቱን ሳየው 165 ሺህ ይላል፣ ቀይ ምልክት ምናምን የለውም ምክንያቱም ኖርማል የሚባለው ከ150 ሺህ ጀምሮ ነው፣ ደህና ነች ብዬ ቡና ልገዛ ወረድኩ። ስመለስ ነርሷ የሄፓሪኑን ከረጢት እየነቀለች ነው። እማዬ «ምን ሆንኩ ልጄ?» ትለኛለች፣ የምመልሰው አጣሁ።

ፋርማሲስቷ መጥታ አስረዳችኝ፣ ሲስተሙ ቁጥሩ ኖርማል ነው አይደለም ብሎ ብቻ አይደለም የሚያየው፣ ሄፓሪን ላይ ያለ ሰው ፕላትሌቱ ከራሱ ከበፊቱ ከግማሽ በላይ ከወረደ አለርት ይልክላታል። እኔ በአይኔ አይቼ ያለፍኩትን ነው የያዘው! ከዛ በኋላ ያለው የሰው ስራ ነው፣ መቼ ወረደ፣ በስንት ወረደ፣ የረጋ ደም አለ ወይ፣ ሌላ ምክንያት ይኖራል ወይ ብለው ነጥብ ሰጡ፣ ይሄን ችግር የሚያመጣውን አንቲቦዲ የሚፈልግ የደም ምርመራ ላኩ፣ ውጤቱን ሳይጠብቁ አርጋትሮባን የሚባል ሌላ ደም ማቅጠኛ ጀመሩላት፣ ደም ስሯ ላይ የተተከለውን መስመር የሚያጥቡበትን ትንሽዬ ሄፓሪን ሳይቀር ከክፍሉ አወጡ። በማግስቱ 118 ሺህ ደረሰ፣ ከዛ መውጣት ጀመረ። ምርመራውም ፖዘቲቭ ነው የመጣው። ያ ከረጢት አንድ ቀን እንኳን ቢቆይ ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ያልተመቸኝ፣ ሲስተሙ ከበሩ ውጭ አይከተልም። እማዬ አሁን እድሜ ልኳን ዋርፋሪን የሚባል የሚዋጥ ደም ማቅጠኛ ላይ ነች፣ አይኤንአሯ (ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየው ቁጥር) ከ2.5 እስከ 3.5 መሃል መሆን አለበት ብለውናል፣ ግን አንዴ የደም ምርመራ ቀጠሮ አልፎን ማንም አልደወለም። ለሷ የሚላከው መልእክትም እንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ እኔ ከሌለሁ ማን ያንብብላት?

ደግሞ «ሄፓሪን አይሰጣት» የሚለው የተመዘገበው እዛው ሆስፒታል ነው፣ ሌላ ቦታ ድንገት ብትገባ ላያዩት ይችላሉ። እናንተም ከገጠማችሁ ሳትወጡ በወረቀት አስጽፉ፣ እኛ ለአዲስ አበባ ጉዞዋ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አድርገን ፓስፖርቷ ውስጥ ከተነዋል።